ትርፍ ከመቶ ስንት? ከየትኛውስ መቶ?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



በገበያ ውሎ የማያውቅ ሰው እንኳ ትርፍ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ነጋዴ በአንድ ዋጋ ይገዛል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የተገኘው ልዩነት ትርፍ ይባላል። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ለሁሉም ግልጽ ነው። ነገር ግን «ትርፍህ ከመቶ ስንት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ ሳያመነታ አንድ ቁጥር ይናገርና፣ «ከየትኛው መቶ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ይህች ሁለተኛይቱ ጥያቄ በመልክዋ ትንሽ ናት። ሆኖም ሸሪክን ከሸሪክ የምታጣላው፣ ባለ ሱቁም እያተረፈ በመሰለው ጊዜ መነሻ ገንዘቡን የሚያሟጥጠው፣ ይህችኑ ጥያቄ ሳይመልሱ በመነገድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ትርፍ አቆጣጠር፣ ከምን ላይ እንደሚቆጠርና በምን እንደሚስት፣ ለማንም በሚገባ ምሳሌ እናስረዳለን። በምሳሌዎቹ የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያን ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም።

አስቀድመን ስለ መቶው ጥቂት እንበል። ትርፍን ከመቶ እየቆጠሩ መናገር ያስፈለገው ልዩ ልዩ መጠን ያላቸውን ንግዶች በአንድ መስፈሪያ ለመስፈር ነው። አንዱ ነጋዴ 500 ብር አውጥቶ 100 ብር ቢያተርፍ፣ ሌላው ደግሞ 5000 ብር አውጥቶ 400 ብር ቢያተርፍ፣ በብሩ ብዛት የኋለኛው ይበልጣል። እያንዳንዱ መቶ ብር ስንት እንዳስገኘ ስንመለከት ግን የፊተኛው መቶ ብር 20 ብር፣ የኋለኛው መቶ ብር 8 ብር ብቻ እንዳመጣ እናያለን። እንግዲህ ገንዘቡን አሳምሮ ያሠራው የፊተኛው ነው ማለት ነው።

ይህ አቆጣጠር በነጋዴዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1478 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በትሬቪዞ ከተማ ለነጋዴዎች የታተመው የሒሳብ መጽሐፍ ሸሪኮች ትርፋቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ ያስተምር ነበር። ከዚያም በ1494 ዓ.ም. ሉካ ፓቾሊ የተባለው መነኩሴ የቬኒስ ነጋዴዎች ገቢና ወጪያቸውን በመዝገብ የሚይዙበትን ሥርዓት ጽፎ አሳተመ። በአገራችንም መቶን የመክፈል ነገር በገንዘባችን ላይ ሳይቀር ይታያል። በ1923 ዓ.ም. በተቀረጹት ሳንቲሞች ዘመን ብሩ የተከፈለው በ100 መቶኛ ነበር፤ መቶኛ ራሱ የሳንቲሙ ስም ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ብርም በ100 ሳንቲም ተከፈለ። ስለዚህ «ከመቶ 25» የሚለውን አነጋገር የሚከብደው ሰው ካለ፣ «ከያንዳንዱ ብር 25 ሳንቲም» ብሎ ቢያስበው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንግባ። አንድ ነጋዴ ጋቢ በ800 ብር ገዝቶ በ1000 ብር ሸጠ እንበል። በመጀመሪያ ከመሸጫው ዋጋ የመግዣውን ዋጋ ይቀንሳል፤ 200 ብር ይቀራል፤ ይህ ትርፉ ነው። ቀጥሎም ይህን 200 ብር ለመግዣው ዋጋ ለ800 ያካፍላል። የሚያገኘውን በመቶ ያባዛል፤ 25 ይሆናል። ስለዚህ ከመግዣው ዋጋ ላይ ከመቶ 25 እጅ አትርፏል ማለት ነው። ባይቀናውና ያንኑ ጋቢ በ720 ብር ሸጦት ቢሆን ኖሮ 80 ብር በጎደለው ነበር፤ 80ን ለ800 አካፍሎ በመቶ ሲያባዛ ኪሣራው ከመቶ 10 እጅ መሆኑን ያውቃል። ደንቡ ለትርፍም ለኪሣራም አንድ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያንኑ 200 ብር ለመግዣው ዋጋ በማካፈል ፈንታ ለመሸጫው ዋጋ ለ1000 ብናካፍለው የምናገኘው ከመቶ 20 ነው። ጋቢው አንድ፣ ገዢው አንድ፣ ትርፉም ያው 200 ብር ሆኖ ሳለ፣ አንዱ 25 ሌላው 20 ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንደኛው የተናገረው ያወጣው ገንዘብ ምን ያህል እንዳስገኘለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የተናገረው ወደ ሣጥኑ ከገባው ገንዘብ ውስጥ የራሱ የሆነው ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ሁለቱም ዕውቀቶች ጠቃሚዎች ናቸው፤ አደጋው አንዱን በሌላው ስም መጥራት ነው።

አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ በዚህ ምሳሌ ይታያል። ሁለት ሰዎች በሽርክና ሱቅ ከፈቱ። አንደኛው ገንዘብ አወጣ፤ ሁለተኛው በጉልበቱ ሊሠራ ተስማማ። በውላቸውም ላይ «ትርፉ ከመቶ 20 ያለፈ እንደ ሆነ ለሠራተኛው ሸሪክ ተጨማሪ ይከፈለዋል» ብለው ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ በ40,000 ብር የተገዛው ሸቀጥ በ48,800 ብር ተሸጦ ተገኘ፤ ትርፉ 8,800 ብር ነው። ሠራተኛው ሸሪክ ለመግዣው ዋጋ አካፍሎ «ከመቶ 22 ስለ ሆነ ተጨማሪው ይገባኛል» አለ። ባለ ገንዘቡ ለመሸጫው ዋጋ አካፍሎ «ከመቶ 18 ከጥቂት ነው፤ 20 አልሞላም» አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ባልተጻፈ ነገር ላይ ቆመው ነበርና ሽማግሌ እንኳ ቢቀመጥ የሚፈርደው ይቸግረዋል። በውሉ ላይ «ከመግዣው ዋጋ ላይ ተቆጥሮ» የሚሉ አራት ቃላት ተጨምረው ቢሆን ኖሮ ጠቡ ባልተወለደም ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር እናስታውስ። ከመግዣው ዋጋ ላይ የሚቆጠር ትርፍ ከመቶ መቶ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ በ300 ብር ተገዝቶ በ600 ብር የተሸጠ ዕቃ ከመቶ መቶ አስገኝቷል። ከመሸጫው ዋጋ ላይ የሚቆጠር ትርፍ ግን መቶ የሚሞላው ዕቃው ያለ ምንም ወጪ የተገኘ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ለመቁረጥ የሚያስብ ነጋዴ ሁለቱን ስሌቶች መለየት አለበት። በ600 ብር ከገዛው ዕቃ በመግዣው ላይ ከመቶ 25 ማትረፍ ቢፈልግ 600ን በ1.25 አባዝቶ በ750 ብር ይሸጣል። ከሚሸጥበት ዋጋ ውስጥ ከመቶ 25 ለራሱ እንዲቀር ቢፈልግ ግን 600ን ለ0.75 አካፍሎ በ800 ብር መሸጥ ይገባዋል። የሁለቱ ልዩነት በአንድ ዕቃ 50 ብር ነው።

እስካሁን የመግዣ ዋጋ ስንል ለሻጩ የተቆጠረለትን ገንዘብ ብቻ የምንናገር መስሎ ይሆናል። እውነተኛው የመግዣ ዋጋ ግን ዕቃው በገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ የወጣበት ወጪ ሁሉ ነው። ይህን የጥንት የጨው ነጋዴዎች በደንብ ያውቁት ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከመነሻው እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ጭማሪው ሁሉ ግን ትርፍ አልነበረም። የአጋሰሱ ቀለብ፣ የጫኙ ደመወዝ፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ፣ በመንገድም የሚሰበረው ጨው ሁሉ በአሞሌው ዋጋ ውስጥ ተቆጥሮ ነበር። ይህን ትቶ በመነሻውና በመድረሻው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ የበላ ነጋዴ በሚቀጥለው ጉዞ የሚጭነው አያገኝም።

በዘመናችን ያለውን ምሳሌ ደግሞ ከቡና ንግድ እንውሰድ። አንዲት ወይዘሮ ጥሬ ቡና ገዝታ፣ ለቅማና ቆልታ ትሸጣለች እንበል። 20 ኪሎ ጥሬ ቡና በኪሎ 400 ብር ሒሳብ በ8000 ብር ገዛች። ለመጓጓዣና ለጫኝ 200 ብር፣ ለከሰል፣ ለወፍጮና ለማሸጊያ 280 ብር ከፈለች። የተቆላውን ቡና በኪሎ 560 ብር ትሸጣለች። እርስዋም በልብዋ፣ «በ400 ገዝቼ በ560 ሸጥሁ፤ በኪሎ 160 ብር አተረፍሁ፤ ይህም ከመቶ 40 ነው» ትላለች።

ይሁን እንጂ ቡና ሲለቀም ብጣሪው ይወጣል፤ ሲቆላም በውስጡ ያለው ውሃ ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል። የገዛችው 20 ኪሎ ሲሆን ለመሸጥ የደረሰላት 16 ኪሎ ነው እንበል። ጠቅላላ ወጪዋ 8480 ብር ነው፤ ይህ ለ16 ኪሎ ሲካፈል የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ 530 ብር ይሆናል። እንግዲህ በኪሎ የምታተርፈው 160 ብር ሳይሆን 30 ብር ነው፤ ከመቶም 40 ሳይሆን 6 እንኳ አይሞላም። ከ16ቱ ኪሎ ያገኘችው ጠቅላላ ትርፍ 480 ብር ነው። ከዚህም ላይ የቤት ኪራይና የራስዋ የጉልበት ዋጋ ገና አልተነሣም።

ስሌቱ መሳቱ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ወይዘሮዋ በዚህ ስሌት ተማምና ለቤትዋ ወጪ ስታደርግ ነው። በኪሎ 160 ብር አትርፌአለሁ ብላ ከ16ቱ ኪሎ 2560 ብር ለቀለብና ለልጆች ትምህርት ብታወጣ፣ ከሽያጩ ከ8960 ብር ላይ የሚቀርላት 6400 ብር ነው። በሁለተኛው ዙር ወጪውን ጨምሮ ከ15 ኪሎ በላይ ለመግዛት አትችልም። እንደዚሁ እያወጣች ብትቀጥል በሦስተኛው ዙር 11 ኪሎ ብቻ ትገዛለች። ገበያው አልቀዘቀዘም፤ ደንበኛም አልራቃትም፤ ሌባም አልገባባትም። መነሻ ገንዘብዋን ትርፍ ነው እያለች የበላችው እርስዋው ናት። ሰው ግን ይህን ሲያይ «ዕድልዋ ነው» ይላል። ዕድል አይደለም፤ ለ20 ኪሎ የተከፈለውን ዋጋ ለ16 ኪሎ አለማካፈል ነው።

ሦስተኛው የስሕተት በር የዋጋ ቅናሽ ነው። ብዙ ነጋዴ ከመቶ 25 ጨምሮ የሰቀለውን ዋጋ ከመቶ 20 ቢቀንስ ገና ከመቶ 5 የሚቀርለት ይመስለዋል። ጋቢውን እናስታውስ። በ800 ብር የተገዛው በ1000 ብር ተሰቅሎ ነበር። ከ1000 ብር ላይ ከመቶ 20 ሲቀነስ 200 ብር ይወርዳል፤ የሚቀረው 800 ብር ነው። ትርፉ ሁሉ አልቋል። ጭማሪው የተቆጠረው ከትንሹ ቁጥር ላይ፣ ቅናሹ የተቆጠረው ከትልቁ ቁጥር ላይ ነበርና 20ው 25ቱን በላው። በዚሁ ዓይነት በ1000 ብር የተገዛ ዕቃ ከመቶ 30 ተጨምሮበት 1300 ብር ሆኖ፣ እንደገና ከመቶ 30 ቢቀነስለት 910 ብር ይሆናል፤ ነጋዴው በእኩል ጨምሮ በእኩል የቀነሰ መስሎት 90 ብር ከስሯል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ነጋዴ ሁለት ዕቃዎችን እያንዳንዳቸውን በ1200 ብር ሸጠ። በአንደኛው ከመቶ 20 አተረፈ፤ በሁለተኛው ከመቶ 20 ከሰረ። «እንግዲያውስ ተቻችሏል» ቢል ተሳስቷል። የመጀመሪያው ዕቃ የተገዛው በ1000 ብር ነው፤ ሁለተኛው ግን በ1500 ብር ነው። ያወጣው 2500፣ ያገባው 2400 ስለ ሆነ 100 ብር፣ ማለትም ከመቶ 4 እጅ ከስሯል። ከመቶ የሚቆጠሩ ቁጥሮች ከአንድ መነሻ ካልተነሡ በቀር እርስ በርሳቸው አይደመሩም፤ አይቀናነሱምም።

አራተኛው ነገር የመንግሥት ግብር ነው። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሆኖ ይሰበሰባል። ለዚህ ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ጋቢውን በ1000 ብር ዋጋ ላይ 150 ብር ታክስ ጨምሮ በ1150 ብር ቢሸጥ፣ 150ው ብር ለጊዜው በእጁ ያደረ አደራ እንጂ የእርሱ ገንዘብ አይደለም። ትርፉን ሲያሰላ 1150 ላይ ሳይሆን 1000 ላይ ይቆማል፤ የመግዣውንም ዋጋ እንዲሁ ታክሱን ለይቶ ይወስዳል። ከ1150 ብር ላይ 800ን ቀንሶ «350 ብር፣ ማለትም ከመቶ 43 በላይ አተረፍሁ» ያለ እንደ ሆነ የሌላውን ገንዘብ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ቆጥሯል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስም ከየት እንደሚያመጣው ይጨንቀዋል። ታክሱ ከውስጥ ያለበትን ዋጋ ለመለየትም 1150ን በ15 በመቶ ማባዛት ስሕተት ነው፤ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይሰጣልና። ትክክለኛው 1150ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 1000 ብር የዕቃው ዋጋ፣ 150 ብር ታክሱ ይሆናል። እዚህም ላይ ጥያቄው ያችው የፊተኛይቱ ናት፤ 15ቱ የተቆጠረው ከየትኛው መቶ ነው?

አምስተኛው የዋጋ መወደድ ነው። ጋቢውን በ800 ብር ገዝቶ በ1000 ብር የሸጠው ነጋዴ ወደ ሸማኔው ሲመለስ ዋጋው 1000 ብር ደርሶ ቢያገኘው ምን ይሆናል? በመዝገቡ ላይ ከመቶ 25 ማትረፉ እውነት ነው። በመደርደሪያው ላይ ግን ያለው ያው አንድ ጋቢ ነው። ሁለት መቶውን ብር አስቀድሞ ያወጣው እንደ ሆነ ደግሞ ያንኑም አንድ ጋቢ መተካት አይችልም። ስለዚህ ዋጋ በሚወደድበት ዘመን አስተዋይ ነጋዴ ትርፉን ከማውጣቱ በፊት የሸጠውን ዕቃ ዛሬ በስንት እንደሚተካው ይጠይቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዳይደርስበት፣ ከትርፉ ላይ ለመተኪያ የሚሆነውን አስቀድሞ ያስቀምጣል።

በመጨረሻም ጊዜን እንዳንረሳ። ከመቶ ስንት እንደ ተገኘ ብቻ ሳይሆን በስንት ጊዜ እንደ ተገኘም መታወቅ አለበት። እህል ገዝቶ ዓመት ሙሉ በጎተራ አስቀምጦ ከመቶ 30 ያተረፈ ሰው ከ1000 ብሩ በዓመት 300 ብር አገኘ። አትክልት የምትቸረችር ሴት በዚያው 1000 ብር በየሳምንቱ ከመቶ 4 ብቻ ብታተርፍ፣ ትርፉን ለኑሮዋ እያወጣች፣ መነሻውን ሳትነካ፣ በ50 ሳምንት 2000 ብር ታገኛለች። በአንድ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው ተብሎ ንግድዋ የሚናቅ አይደለም። ገንዘብዋ ሥራ አይፈታም። ዋጋ አስወድዶ ዕቃው ሳይሸጥለት የሚከርም ነጋዴ ይህን ቢያስብ ለራሱም ለገዢውም መልካም ይሆን ነበር።

አድማጮች ሆይ፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ደብተርና በአንድ እርሳስ ይፈጸማል። በእያንዳንዱ ሸቀጥ ትይዩ አራት ነገሮች ይጻፉ። አንደኛ፣ ዕቃው ለሽያጭ እስኪደርስ የወጣበት ወጪ ሁሉ፤ ሁለተኛ፣ ከጉድለቱ በኋላ ለመሸጥ የቀረው ብዛት፤ ሦስተኛ፣ ታክስ ካለበት ታክሱ ተለይቶ የተሸጠበት ዋጋ፤ አራተኛ፣ የተገዛበትና የተሸጠበት ቀን። እነዚህ አራቱ ካሉ ትርፉን ከመቶ ማስላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልጅም ለእናቱ ሊሠራላት ይችላል። በውልም ሆነ በንግግር ከመቶ ይህን ያህል ሲባል በሰማን ጊዜ፣ ቁጥሩን ከመቀበላችን በፊት ከየትኛው መቶ እንደ ሆነ እንጠይቅ። መጠየቁ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ነገር መናገራቸውን ማረጋገጥ ነው።